አምስተኛዋ ማርትሬዛ

«ያ ብር የሚልሰው ሰውዬ ሞተ» ብሎ ነው ያረዳኝ። የደወለው ድሮ ጅጅጋ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ያድል የነበረ ባልደረባችን ነው። እኔም ማልቀሱን ትቼ መጀመሪያ ተቆጣሁ። «ልሶ አያውቅም፤ ያሸት ነበር እንጂ» አልኩት። «ያው ነው እታገኝ» አለኝ። ያው አይደለም። ጋሽ ወንድይፍራው ቢሰማ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ ግማሽ ሰዓት ያስረዳው ነበር፤ መዳብ የበዛበት ብር እጅ ላይ ሽታ ይተዋል፣ ደህናው አይተውም፣ ስለዚህ ብር ይሸተታል፣ የሚልስ መሃይም ነው ብሎ። ስልኩን ዘጋሁና ያኔ አለቀስኩ።

ሰው ሁሉ በአንድ ነገር ያብዳል። አባቴ በበቅሎ ያብድ ነበር፣ ባሌ በኳስ። ጋሽ ወንድይፍራው ያበደው ከሞተች ሁለት መቶ ዓመት በሆናት የፈረንጅ ንግሥት ነው። ጠገራ ብር ላይ ያለችውን ማለቴ ነው፤ ያቺ ደረቷ የሞላ፣ አገጯ ደርበብ ያለ፣ ትከሻዋ ላይ ዕንቁ የሰካችው። እኛ ማርትሬዛ እንላታለን። እሱ ግን «ሴትዮዋ» ነው የሚላት። የማያውቀው ሰው ሲሰማ ነገሩ ሌላ ይመስለዋል፣ መስሎትም ብዙ ጣጣ መጥቷል።

ጅጅጋ የተመደብኩት ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ነው። ከተማው ገና ቆርቆሮውን እየጠጋገነ፣ የሸሸው ሰው ገና እየተመለሰ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ያ የጅጅጋ ነፋስ ነጠላዬን ከራሴ ላይ ገፎ ወሰደብኝና ፖስታ ቤቱ በር ላይ አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ቀልቦ ያዘው። አንገቱ ላይ በጫማ ማሰሪያ የሰዓት ሠሪ ማጉያ አንጠልጥሏል። ከመስጠቱ በፊት ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ጥለቱን አየው። «የደብረ ብርሃን ሸማኔ ነው የሠራው» አለ። «የአሰላ ነው» አልኩት። «ሸማኔው ከደብረ ብርሃን ሄዶ ይሆናል» ብሎ ሰጠኝ። መሸነፍ አይወድም ነበር።

እኔ የቴምብር መስኮት ላይ ተቀመጥኩ፣ እሱ ከኋላዬ ደብዳቤ ይለያል። ሳምንት ሳይሞላኝ ከአዲጋላ የመጡ ሁለት ደብዳቤዎች ፊቴ አስቀመጠና «የትኛዋ ቀደመች?» አለኝ። ማኅተሙ ላይ ያለውን ቀን ላነብ ብሞክር ቀለሙ ተዝረክርኳል።

«ቀኑን ተዪው፤ ቀን ይዋሻል። የማኅተሙን ጠርዝ እዪ። የአዲጋላው ማኅተም ተሸርፏል። አምና ሽራፊዋ ምስር ታክል ነበር፣ አሁን ባቄላ አክላለች። ባለ ባቄላዋ የኋለኛዋ ናት።»

ደብዳቤዎቹን ባለቤቱ መጥቶ ሲከፍታቸው እውነትም እንዳለው ሆነ። ጠገራ ብሩንም የሚያየው በዚሁ ዓይን ነበር። እነዚያ ብሮች ሁሉ ላይ የተጻፈው ዓመት አንድ ነው፣ ሴትዮዋ የሞተችበት። ከሞተች በኋላ ስንትና ስንት አገር ያንኑ ዓመት እየጻፈ ሲመታቸው ኖሯል። ለሌላው ሰው ሁሉም አንድ ናቸው፤ እሱ ግን ትከሻዋ ላይ ያለውን ዕንቁና በጀርባዋ በኩል ያለውን የንስሩን የጭራ ላባ እየቆጠረ፣ የፊደሉን አቀማመጥ እየለካ፣ ይቺና ያቺ ከአንድ እናት ናቸው፣ ያቺኛዋ ከሌላ ናት ይላል። እናት የሚለው ብሩ የተመታበትን የብረት ማኅተም ነው። እያንዳንዱ ማኅተም በሰው እጅ የተቀረጸ ስለሆነ ትንሽ ይለያያል፣ ልጆቹም እሱን ይመስላሉ።

ደረጃም ይሰጣቸዋል። እጅ ያልነካት «ሙሽራ» ናት። ትንሽ የተሻሸች «የልጆች እናት»። ፊቷ የጠፋ «ባልቴት»። ይህን ደረጃ ታዲያ ለብር ብቻ ቢያደርገው ምን ነበረበት? ለሙዝም ለወንበርም ለአለቃም ይሰጥ ነበር። አዲስ ኃላፊ ተሹሞ ሲመጣ ከታች እስከ ላይ አየው፣ ዘወር ብሎ «ባልቴት ነው፣ ጠርዙ ተበልቷል» አለኝ። እኔን ደግሞ በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ ገና ባል ሳላገባ፣ «የልጆች እናት» አለኝ። ሦስት ቀን አላነጋገርኩትም።

አሁን ዋናው ነገር። ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ አንድ የዋንዛ ጣውላ ነበረው፤ አናጢ አምስት ክብ ጎድጓዳ ጉድጓዶች የቀረጸበት። በአራቱ አራት ብሮች ተቀምጠዋል፣ አምስተኛው ባዶ ነው። አራቱም ከአንድ እናት ናቸው። ያች እናት ብረት ስለሆነች ስትመታ ስትመታ መሰንጠቅ ጀመረች። በመጀመሪያዋ ብር ላይ ስንጥቁ ከጠርዙ ብቅ ያለች ፀጉር ናት። በሁለተኛዋ ትከሻዋ ይደርሳል፣ በሦስተኛዋ አንገቷን ያቋርጣል፣ በአራተኛዋ አገጯ ሥር ገብቷል። «እንግዲህ» ይላል ጋሽ ወንድይፍራው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማኅተሙ ከመሰበሩ በፊት አንዲት የመጨረሻ ልጅ ወልዷል። ስንጥቁ ጉንጯን አልፎ ዓይኗ ሥር የደረሰባት። እሷ የሆነ ቦታ አለች።»

የሆነ ቦታ ማለት እዚያው ነው። አንደኛዋን ደወሌ ሲሠራ ነው ያገኛት፣ አንዷን አፍደም ከወተት ሻጭ፣ ሁለቱን ጅጅጋ። አንድ ጆንያ ብር ከጅቡቲ ገብቶ እዚህ ተበትኗል፤ አራቱ እዚህ ከተገኙ አምስተኛዋም እዚህ ናት። ይህን አሰበና ማለ። ሠራተኛው በሙሉ እየሰማ፣ «አምስተኛዋን ሳላገኝ ከዚህ አገር ብወጣ ሚካኤል ይፍረድብኝ» አለ። ሚስቱ እትዬ አስካለ ደብረ ብርሃን ከልጆቹ ጋር ናት፤ አልጋ የያዘች እናት ስላለቻት መምጣት አትችልም። ሌላው ሰው ከጅጅጋ ዝውውር ለማግኘት ስለት ሲሳል እሱ ሁለት ጊዜ ተራው ደርሶት ሁለቱንም ለባልደረባ ለቀቀ። ሦስተኛው ሲደርስ ደግሞ ለእኔ ሊለቅልኝ ቃል ገብቶ ነበር። እኔም ሰው ነኝ፣ አምስተኛዋ ቶሎ እንዳትገኝ በልቤ እመኝ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የዚያ አገር ሴት ብሯን ባንክ አታስቀምጥም፤ አንገቷ ላይ ነው። ስለዚህ ጋሽ ወንድይፍራው ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይወጣና፣ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የሰው ሚስት ደረት ላይ ዕንቁ ይቆጥራል። አንድ ቀን የአንዲት ወተት ሻጭ ባል በመሃል ደረሰና በኮሌታው ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ወሰደው። እኔ ስደርስ አሥር አለቃው እየጠየቀው ነበር።

«ምን ስታይ ተያዝክ?»

«ሴትዮዋን ነዋ።»

«የሰው ሚስት?»

«ኧረ ባሏ ቀድሟት ነው የሞተው። እሷም ሞታለች» አለ ጋሽ ወንድይፍራው፣ ረጋ ብሎ።

አሥር አለቃው ብዕሩን አስቀመጠ። ጣውላውን ከቢሮ አስመጣሁና እኔው አስረዳኋቸው። አሥር አለቃው ማጉያውን ተቀበለ፣ ከሳሹ ባልም ተራውን ጠበቀ። የዕንቁው ቁጥር ስምንት ነው ዘጠኝ ነው ብለው ሁለቱ ሲከራከሩ ምሳ ሰዓት ደረሰ። ሰውየው ክሱን ትቶ የሚስቱን ብር ራሱ ፈትቶ አመጣለት፤ ባልቴት ነበረች። ከዚያ ወዲህ ደንብ ወጣ፤ ሴቲቱ በገዛ እጇ ፈትታ ለእኔ ትሰጠኛለች፣ እኔ ለእሱ። ቅዳሜዬን ሁሉ በላብኝ።

እንዲህ አንድ በአንድ ሲሆን አልሄድለት አለና ትልቁን ስህተት ሠራ። ጉሌድ ለሚባል የጨርቅ ደላላ «ፊቷ ላይ ስንጥቅ ያለባትን ያመጣልኝ ሰው ሁለት እጥፍ እከፍላለሁ» አለው። ለጉሌድ መንገር ማለት ለከተማው ማስለፈፍ ነው። በሳምንቱ የፖስታ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ነበር፤ እኔ መጀመሪያ ቴምብር ፈላጊ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ሁሉም ስንጥቅ ያለባት ብር ይዟል። በምስማር የተሰነጠቀች አለች፣ በሞረድ የተሰነጠቀች አለች፣ አንዱማ ለሁለት ከፍሎ በሁለት እጁ ይዟት መጣ። ጋሽ ወንድይፍራው ፊቱ አመድ መሰለ። ደህና ሙሽራ የነበሩ ሦስት ብሮች አፍንጫቸው ተፍቆ ሲያይ ሊያለቅስ ደረሰ።

«ስንጥቅ አልከን፣ ሰነጠቅን» አለ ጉሌድ ተቆጥቶ። «አሁን ምን ጎደለ አቦ?»

ያኔ ነው ያን ንግግሩን የተናገረው። ጠረጴዛ ላይ ወጣ፣ አራተኛዋን ብር ከፍ አድርጎ አሳየ። «ስሙ። ማኅተሙ ሲሰነጠቅ ብሩ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ገላዋ ላይ እንደ ክር ከፍ ብሎ ይወጣል። በጥፍራችሁ ዳስሱት፣ ጉብ ይላል። እናንተ የሠራችሁት ግን ይጎደጉዳል። ከፍ ያለ ጠባሳ ከእናት ነው፤ ጎድጓዳ ጠባሳ ከሰው ነው።» ሁሉንም በተራ አስዳሰሳቸው። ወሩ ሳያልቅ ጅጅጋ ውስጥ ጥፍሩን ብር ላይ የማይስብ ሰው ጠፋ። ሰዉም ንግግሩን ወሰደው፤ ገበያ ላይ ወሬ ሲያጠራጥር «ይሄ ጎድጓዳ ነው» ይባል ጀመር።

ኸድራን ያገኘው ከዚህ በኋላ ነው። ኸድራ ከአውቶብስ ማቆሚያው አጠገብ፣ ከእኛ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ሻይ በወተት የምትሸጥ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ክንዷ እንደ ወንድ፣ አንደበቷ እንደ ምላጭ። አንድ ከሰዓት ነፋሱ ሻሿን ገለበጠውና አንገቷ ላይ ያለችው ብር ብልጭ አለች፤ ከጠርዙ እስከ ዓይኗ ሥር መስመር የሄደባት። ጋሽ ወንድይፍራው የያዘው ደብዳቤ ከእጁ ወደቀ። «እታገኝ» አለኝ፣ «ቁጭ በይ።» የቆመው እሱ ነበር።

በማግስቱ ሄዶ ጠየቃት። በሦስት እጥፍ አላት፣ በአምስት አላት። «አንገቴ ሱቅ አይደለም» አለችው። እሺ አትሽጪ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በማጉያ ልያት አላት። ይህንንም እምቢ። ብሯ የእናቷ ናት። ጦርነቱ ጊዜ ስትሸሽ ለመኪና፣ ለውሃ፣ ለእህል እያለች የአንገቷን ብር በሙሉ ሸጣ ይቺ አንዷ ብቻ ቀርታታለች። «የሚመኝ ዓይን አየና አንድ ቀረኝ» ትላለች። «አንተ ደግሞ ዓይንህ አልበቃ ብሎህ መስተዋት ጨምረህበታል።»

ከዚያ በኋላ ጋሽ ወንድይፍራው ሦስት ዓመት ሙሉ ኸድራ ጋ ሻይ ጠጣ። ጨጓራ በሽተኛ ነበር እኮ፤ ወተት አይስማማውም። በቀን ሰባት ብርጭቆ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቀና ይላል። በጾሙማ ወተቱን አስቀርቶ ቀዩን ይጠጣል፣ ቀዩ ደግሞ ይብስበታል። አንድ ቀን እኔን ላከኝ፤ ሴት ለሴት ስለሆናችሁ ቀረብ ብለሽ ስንጥቁ ከፍ ይበል ይጎድጉድ እዪልኝ አለኝ። ሄድኩና ሻይ አዘዝኩ፣ ጎንበስ አልኩ። ኸድራ ሻሿን እስከ አገጯ ጠቀለለችው።

«ዋላል» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው፤ «እሱ ነው የላከሽ አይደል? በይ ሄደሽ ሻይ ተወደደ በዪው።»

እውነትም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእሱ ብቻ ተወደደ፤ ከፍሎ ጠጣ።

በዚህ መሃል እትዬ አስካለ ደብዳቤ መጻፍ ትታ ቴሌግራም ጀመረች። ቴሌግራም ደግሞ የሚከፈለው በቃል ስለሆነ እትዬ ቃል አታባክንም፤ የሚታደለውም በእኔ መስኮት ስለሆነ ሁላችንም እናነበዋለን። «እሷን ወይስ እኔን። አስካለ።» ይላል የመጀመሪያው። እሱ «አንድ ቀረኝ። ወንድይፍራው» ብሎ መለሰ። በሳምንቱ ደረሰ፤ «ለእኔም አንድ ቀረኝ። ትዕግሥት። አስካለ።» ይህን ቴሌግራም አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ ሲፈራ እጁን እዚያ ላይ ያደርግ ነበር። ሚስቱን አይወዳትም እንዳትሉኝ። ይወዳት ነበር፣ ደመወዙንም ሳያስተርፍ ይልክላታል። ግን ምሏል፣ ሚካኤልን ይፈራል፣ ከሚካኤል ቀጥሎ ደግሞ ብር ላይ የሚዋሽ ሰውን ይጠላል። አለቃችን አንድ ጊዜ የጎረቤቱን ብር ሙሽራ ናት በልልኝ፣ ልንሸጠው ነው ቢለው «ባልቴት ናት፣ ሞታም ከሆነ አላውቅም» ብሎ የሁለት ወር የዓመት ፈቃድ ተከልክሏል።

ታዲያ ነገሩን ያፈነዳው ባለውለታ ነው። ተራውን ለቆለት ደብረ ብርሃን የተዛወረ ባልደረባችን እትዬ አስካለን መንገድ ላይ አግኝቶ፣ ደስ ሊያሰኛት ብሎ፣ «ጋሼ ደህና ነው፤ ቀኑን ሙሉ ኸድራ ጋ ተቀምጦ አንገቷን እያየ ይውላል» አላት። እናቷ በዚያው ዓመት ሞታ ነበርና የሚይዛት አልነበረም። ባቡር ተሳፈረች፣ አፍደም ላይ ግማሽ ቀን ተገትራ ዋለች፣ ከድሬዳዋ ሐረር፣ ከሐረር ካራማራን ተሻግራ አንድ ከሰዓት ጅጅጋ ወረደች። አውቶብሱ የሚቆመው ኸድራ በር ላይ ነው። ጋሽ ወንድይፍራውም እዚያው አምስተኛ ብርጭቆውን ይዞ ነበር።

አጭር፣ ደንዳና ሴት፤ በአንድ እጇ የቆሎ አገልግል ይዛለች። ባሏን አይታ እንዳላየች አለፈችው።

«ኸድራ የምትባለው ማን ናት?»

«እኔ ነኝ» አለች ኸድራ።

«የባሌ ሚስት ስለሆንሽ መጥቼ ልይሽ ብዬ ነው።»

ሰዉ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ጉሌድ ደግሞ ወሬ ባለበት አይጠፋምና ወንበሩን ጠጋ አደረገ። እኔ ከመስኮቴ ሮጬ ወጣሁ፤ ከኋላዬ ሁለት ሰው ቴምብር ይጠብቃል።

ኸድራ አልጮኸችም። እጇን በጨርቅ ጠረገች። «እኔ ባል ብፈልግ ጨጓራ የሌለው እፈልግ ነበር» አለች። «ወላሂ፣ ይሄ ሰው ሦስት ዓመት እዚህ ሲቀመጥ ፊቴን አይቶ አያውቅም። የሚፈልገው ይቺን ነው።» ሻሿን አወረደች፣ እጆቿን ወደ ማጅራቷ ላከች፣ ለማንም ያልፈታችውን ክር ፈታችና ብሯን ከእትዬ አስካለ መዳፍ ላይ አኖረችላት። «ስሜ በዚህ ከሚነሳ ዓይን ቢበላኝ ይሻላል። ይያትና ይዘሽው ሂጂ።»

እትዬ አስካለ ብሯን ይዛ ቆየች። አውራ ጣቷን ብሯ ላይ ባለችው ሴትዮ ጉንጭ ወዲያ ወዲህ አደረገች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

«እንካ» አለችው። «ይቺ ከሆነች መሐላህ ደርሷል፣ ጓዝህን አስር። ካልሆነች ነገ በዚሁ አውቶብስ እመለሳለሁ። ሁለተኛ አልመጣም፣ አልጽፍም፣ ቴሌግራምም አልልክም።»

ጋሽ ወንድይፍራው ማጉያውን ሰካ። በሺ የሚቆጠር ብር ሲያይ አይቼዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ተንፍሶ ሳይጨርስ ነበር የሚፈርደው። ያን ቀን ሻዩ ቀዘቀዘ። ብሯን ወደ ፀሐይ አዞራት፣ ወደ ጥላ አዞራት። ከዚያ ማጉያው ዓይኑ ላይ እንዳለ ቁልቁል የሚስቱን እግር አየ። የአንዱ ላስቲክ ጫማዋ ማሰሪያ ተበጥሶ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፣ ጣቶቿ መሃል የሦስት አገር አቧራ ነበር።

«ይቺው ናት» አለ።

«ከፍ ያለ ነው?» አለ ጉሌድ። በዚያ ከተማ ሁሉም ሊቅ ሆኖ ነበር።

ጋሽ ወንድይፍራው ብሯንና ማጉያውን ለእኔ ሰጠኝ። «እታገኝ፣ እዪና ንገሪያቸው። ዓይኔ ደክሟል።»

አየሁ። ጎድጓዳ ነው። የለየለት ጎድጓዳ፤ ቢላ ይሁን ምስማር የሄደበት፣ ከዳርና ዳሩ ብሩ ተፍቆ የተገፋ። ዕንቁዎቹም የሌላ እናት ናቸው። ቀና ስል እያየኝ ነው፤ የሚለምን ዓይን አልነበረም፣ ወረቀቱ ላይ ማኅተም እስኪያርፍለት እንደሚጠብቅ ሰው ነው የቆመው። እኔ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ምን እንዳሰብኩ ልናገር? ሦስተኛው ዝውውር በዚያ ወር ነበር የሚወጣው፣ የእኔ ተራ። እሱ ከሄደ እኔ ቀረሁ ማለት ነው።

«ከፍ ያለ ነው» አልኩ።

ኸድራ እልል አለች። «እኔ ድሮም አውቅ ነበር» አለች፤ ለሁሉም በነጻ ቀዳች። ጋሽ ወንድይፍራው ብሯን በሁለት እጁ መለሰላት። ጉሌድ «አትገዛትም እንዴ?» ቢለው «ቦታዋ ላይ ናት» አለው። እትዬ አስካለ የቆሎውን አገልግል ከፍታ አዞረች፤ ኸድራ እፍኝ ሙሉ ወሰደች።

በሳምንቱ ልንሸኘው ወጣን፤ አውቶብሱ ላይ ሲወጣ ጣውላውን ብብቱ ሥር ይዟል። «ጋሼ» አልኩት ቀስ ብዬ። «አንቺን የልጆች እናት ነሽ ብዬ ተሳስቼ ነበር» አለኝ። «ሙሽራ ነሽ።» ብሎኝ ሄደ። እኔ ሁለት ዓመት ተጨማሪ ነፋስ በላሁ። ኸድራም ነግዳበታለች፤ ያቺን ብር ለማየት ሁለት ሻይ መጠጣት ግዴታ ሆነ፣ በጥፍር መዳሰስ ግን ክልክል ነው።

ለቅሶ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። እትዬ አስካለ አርጅታለች፣ አንደበቷ ግን ያው ነው። ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ተነስታ ጣውላውን ከሣጥን አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። አራቱ እንዳሉ ናቸው፣ በጨርቅ ሲወለወሉ ኖረዋል። አምስተኛው ባዶ ነው።

«እንግዳ መጥቶ ይቺስ ሲለው፣ ‹እሷ ጅጅጋ ናት፣ አንገት ላይ› ይል ነበር» አለችኝ። «እዚህ ከመጣ ደግሞ ጾም አበዛ። በሚካኤል ቀን፣ ሰው ዝክር ሲበላ እሱ ቆሎ ይቆረጥማል። ለምን ስለው ‹ጨጓራዬን ነው› ይላል። ጨጓራ በቆሎ ይድናል?»

ይህን ያህል ዓመት የተሸከምኩትን ለእሷ ካልነገርኩ ለማን ልንገር ብዬ፣ «እትዬ፣ ያን ቀን እኔ...» ስል በእጇ አስቆመችኝ። አውራ ጣቷን አነሳችና አሳየችኝ።

«መጀመሪያ የያዝኳት እኔ ነኝ እኮ» አለች። «የዚያን ሁሉ ዓመት ደብዳቤውን ያነበብኩት እኔ፤ ከፍ ያለ ከእናት፣ ጎድጓዳ ከሰው። ጥፍሬ ስርጉድ አለ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ጣውላውን ከጭኔ ላይ አነሳች፣ ባዶዋን ጉድጓድ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ ሣጥኑ መለሰችው።

«እሱ ለእኔ ብሎ ከዋሸ» አለች፣ «እኔ ምን ቆርጦኝ እውነቱን እናገራለሁ?»